ኮድ በወንፈል፦ የተመራማሪዎች የኮድ መጋሪያ ማኅበር እንዴት ይቋቋማል?

የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን በምሠራበት ዓመት አራት ተማሪዎች በአንድ ክፍል እንቀመጥ ነበር። አራታችንም የዝናብ ዳታ እናጸዳለን፤ አንዱ በፓይተን፣ ሁለታችን በአር (ሁለቱም የኮድ መጻፊያ ቋንቋዎች ናቸው)፣ አራተኛዋ በኤክሴል። የየጣቢያው ሰንጠረዥ አመል አንድ ነው፦ ዝናብ ያልተለካበት ቀን ባዶ በመተው ፈንታ -99 ወይም -999 ተብሎ ይሞላል። ያንን ቁጥር ሳያወጣ የወሩን ድምር የሠራ ሰው ከዜሮ በታች የሆነ የዝናብ መጠን ሊያገኝ ይችላል። አራታችንም በየተራ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገባን፤ አራታችንም ለየብቻችን ወጣን፤ ማናችንም አጠገቡ ለተቀመጠው ጉድጓዱ የት እንዳለ አልነገረም። ያኔ ያሳፈረን ስህተቱ ነበር። ዛሬ የሚያንገበግበኝ የባከነው ጊዜ ነው፦ አንድ ክፍል፣ አራት ሰው፣ አራት ጊዜ የተሠራ አንድ ሥራ።

ችግሩ ከኮምፒውተር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የነበሩ የአውሮፕላን ኩባንያዎችና ሌሎች ተቋማት አይቢኤም 704 የተባለውን ኮምፒውተር ለመረከብ ሲዘጋጁ፣ በቀድሞው 701 ላይ እያንዳንዱ ድርጅት ያንኑ መሠረታዊ ፕሮግራም ለየብቻው እንደጻፈ ተገነዘቡ። በገበያ ተፎካካሪዎች ነበሩ። ቢሆንም ‹ሼር› የተባለውን የተጠቃሚዎች ማኅበር መሠረቱ፤ ስሙ ራሱ ‹ተጋራ› ማለት ነው። ገና ሲጀምሩ ካተኮሩባቸው ጉዳዮች አንዱ አንድ የጋራ አሰምብለር (የተጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) እና የጋራ የአሠራር ልማድ መያዝ ነበር፤ ያለዚያ የአንዱ ፕሮግራም በሌላው ቤት አይሠራም። ከ30 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 ጃክ ዶንጋራና ኤሪክ ግሮስ ‹ኔትሊብን› ዘረጉ፤ ተመራማሪው የሚፈልገውን የሒሳብ ፕሮግራም ስም በኢሜይል ሲልክ ኮምፒውተሩ ራሱ ኮዱን መልሶ ይልክለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ የአር ቋንቋ ተጠቃሚዎች ‹ክራን› የተባለውን፣ ጥቅል የሚባሉ ዝግጁ የኮድ ስብስቦች የሚቀመጡበትን የጋራ ጎተራ ከፈቱ።

እኛ ዘንድ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቃል ከጥንት አለ፤ እርሱም ወንፈል ነው። ከደቦ ይለያል። ደቦ የሚጠራው ባለጉዳዩ ነው፤ ደግሶ ያሠራል፣ እንግዶቹ ሠርተው ይበተናሉ። ወንፈል ግን ዙር አለው፤ ዛሬ የእኔ ማሳ ይታረማል፣ ነገ ያንተ። አንድ ጎበዝ ሰው ኮዱን እየሰቀለ ሌሎች የሚወስዱበት ስብስብ ደቦ ነው፤ ጠሪው የደከመ ዕለት ያበቃል። ከዚህ በታች የምጽፈው ወንፈል የሚሆንበትን መንገድ ነው። ምሳሌዬ በአገራችን የዝናብ፣ የወንዝ ፍሰትና የሰብል ዳታ ላይ በፓይተንና በአር የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ ወይም በሕክምና ዘርፍ ላለ ሰው ግን ሥራው ያው ነው።

አንደኛ፦ የሚደጋገመውን ሥራ ፈልጉ

ከየትምህርት ክፍሉ አምስት ስድስት ሰው ሰብስቡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ‹ባለፉት ሁለት ወራት ከአንድ ጊዜ በላይ የጻፋችሁት ኮድ የትኛው ነው?› ‹ምን ማጋራት ትፈልጋላችሁ?› ብላችሁ እንዳትጠይቁ። እንዲህ ከተጠየቀ ሁሉም የሚያነሣው የሚኮራበትን ትልቁን ሞዴሉን ነው፤ ያ ደግሞ ለማጋራት ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪው፣ ሌላ ሰው የሚፈልገውም በጣም ጥቂት ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ስትጠይቁ የሚመጡት መልሶች ትንንሽና ተመሳሳይ ናቸው። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው መቀየር። ኩንታል በሄክታርን ወደ ቶን በሄክታር መለወጥ። በ30 ፋይል የተበታተነ የጣቢያ ዳታ ማገጣጠም። የቦታ ስም ማስማማት፤ ይህኛው ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ደብረ ብርሃን በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአንዱ ሰንጠረዥ አንድ ቃል፣ በሌላው ሁለት ቃል፣ በሦስተኛው በሰረዝ የተያያዘ ነው። በራሳችን ፊደልም ቢሆን ሀዋሳ እና ሐዋሳ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ከተማ። ሁለቱን ሰንጠረዦች በስም ሊያገናኝ የሞከረ ተመራማሪ ግማሹ ጣቢያ ለምን እንደጠፋበት ሳያውቅ ያመሻል።

መልሶቹን በወረቀት ጻፉና ከሦስት ሰው አፍ የወጣውን አክብቡ። የማኅበሩ የመጀመሪያ ኮድ እርሱ ነው። ከአንድ በላይ አትምረጡ።

ሁለተኛ፦ ጥቂት ሆናችሁ ጀምሩ

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። እቁብ ያለ ዳኛና ያለ ጸሐፊ እንደማይቆም ሁሉ እዚህም ሦስት ኃላፊነት ገና ከመነሻው ስም ይሰጠው። የኮዱ ጠባቂ ማለት የመጨረሻውን ትክክለኛ ስሪት የሚይዝ፣ የመጣውን እርማት የሚያስገባ ወይም የሚመልስ ነው። ጸሐፊው ውሳኔዎችን ይመዘግባል። ተረኛው ደግሞ በየሳምንቱ እየተቀያየረ የሚመጣውን ጥያቄ ይቀበላል።

ከመሥራቾቹ መካከል ኮድ በመጻፍ ገና ጀማሪ የሆነ ቢያንስ አንድ ሰው እንዲኖር አጥብቄ እመክራለሁ። ባለሙያዎች ብቻ የተሰባሰቡበት ቡድን እርስ በርሱ የሚገባውን ነገር ሁሉ ግልጽ ይመስለዋል። ለጀማሪው ያልገባው ነገር ግን ነገ ለሚመጡት ሁሉ አይገባም፤ ስለዚህ የእርሱ ወይም የእርሷ ‹አልገባኝም› ለማኅበሩ ትልቅ ሀብት ነው።

ሦስተኛ፦ አንዱን ኮድ ያለ እናንተ የሚሄድ አድርጉት

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኮድ ተጋራ የሚባለው ፋይሉ የተላከ ዕለት አይደለም፤ ተቀባዩ ጸሐፊውን ሳይጠራ አስኬዶ ትክክለኛውን መልስ ያገኘ ዕለት ነው።

ይህን የተማርሁት አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። የዝናብ ማጽጃ ኮዴን በፍላሽ ይዤ ወደ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሄድሁ። ኮዱን አይታው አታውቅም። ‹አንድ ቃል ሳልናገር ከኋላሽ ልቀመጥ፤ አስኪጂው› አልኋት። በመጀመሪያው ሙከራ ቆመ፤ ፋይሉን የሚፈልገው በእኔው ላፕቶፕ ዴስክቶፕ ላይ፣ በእኔው ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ነበር። እርሱን አስተካከለች። በሁለተኛው አንድ ተጨማሪ ጥቅል እንዳልተጫነ ነገራት፤ እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ጭኜው ረስቼዋለሁ። ከጫነች በኋላ እንደገና ቆመ፤ እርሷ የጫነችው አዲሱን ስሪት ነው፤ እኔ የተጠቀምሁበት ትእዛዝ ከአዲሱ ስሪት ወጥቷል። በአራተኛው ሄደ፤ ግን የወጣው ቁጥር ትክክል ይሁን አይሁን የምታውቅበት ምንም መንገድ አልነበራትም። ዘወር ብላ አየችኝ። እኔም ዝም ለማለት ቃል ስለገባሁ ዝም አልሁ። ያ ዝምታ ከባድ ነበር፤ ለሁለት ዓመት ‹ይሠራል› ብዬ የምኮራበት ኮድ ከእኔ ጠረጴዛ ውጭ የማይሠራ መሆኑን በዓይኔ እያየሁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህን ፈተና ‹የባዶ ላፕቶፕ ፈተና› እንለዋለን፤ ማንኛውም ኮድ ወደ ጎተራው ከመግባቱ በፊት ያልፍበታል። ፈተናውን ለማለፍ ከኮዱ ጋር አራት ነገሮች ሊኖሩ ይገባል።

‹አንብቡኝ› የሚል አጭር ፋይል ከሁሉ ይቀድማል። ኮዱ ምን እንደሚሠራ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ምን እንደማይሠራ ደግሞ በሌላ ሁለት ይናገር። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይዘለዋል፤ ጉዳት የሚመጣው ግን ከዚያ ነው። ለምሳሌ ‹ይህ ኮድ የጎደለውን ቀን ያስወግዳል፤ በግምት አይሞላም› የሚል አንድ መስመር የስንቱን የመመረቂያ ጽሑፍ ያድናል።

ሁለተኛው የሚያስፈልጉት ጥቅሎች ዝርዝር ከነስሪት ቁጥራቸው ነው። ሦስተኛው ትንሽ የናሙና ዳታ ነው፤ ማንም በነጻ ሊወስደው የሚችል መሆን አለበት። ለዝናብ እኔ የምመርጠው ቺርፕስን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለ፣ ከሳተላይትና ከጣቢያ የተቀናበረ የዝናብ ግምት ሲሆን በ0.05 ዲግሪ ጥራት በነጻ ይገኛል። አንድ ነጥብና አንድ ዓመት ብቻ ቆርጣችሁ አስገቡ፤ ፋይሉ በደካማ ኢንተርኔትም ይወርዳል። አራተኛው በዚያ ናሙና ላይ የሚወጣው ትክክለኛ መልስ ነው። ‹የሐምሌ ድምር ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባል› ተብሎ ቁጥሩ ይጻፍ። ባልደረባዬ ዘወር ብላ ያየችኝ ይህ ስላልነበረ ነው።

አራተኛ፦ ፈቃዱን በጽሑፍ አድርጉት

ዕድር ደንብ አለው፤ ደንቡም ይፈረምበታል። የኮድ ማኅበርም እንዲሁ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች ይቆጥረዋል። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ጽሑፍ የተለቀቀ ኮድ፣ ጸሐፊው በልቡ ‹ማንም ይጠቀምበት› ብሎ ቢያስብ እንኳ፣ በሕግ ፊት የተከለለ ነው። ጠንቃቃ ተመራማሪ አይነካውም።

የራሳችሁን ፈቃድ ከባዶ አትጻፉ። ዓለም የሚያውቃቸው ዝግጁ ጽሑፎች አሉ። ኤምአይቲ እና ቢኤስዲ የሚባሉት አጫጭር ናቸው፤ ዋናው ግዴታቸው የጸሐፊውን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ አብሮ ማቆየት ነው። ጂፒኤል ከዚህ አልፎ፣ ኮዱን አሻሽሎ ለሌላ የሚያከፋፍል ሰው ማሻሻያውንም በዚያው ፈቃድ እንዲለቅ ያስገድዳል። አር ራሱ የሚሰራጨው በጂፒኤል ነው። ለጀማሪ ማኅበር የእኔ ምክር ኤምአይቲን ወይም ቢኤስዲን ለሁሉም ኮድ አንድ አድርጎ መያዝ ነው፤ አሥር ኮድ በአሥር ፈቃድ ከሆነ ሁለቱን አገጣጥሞ ለመጠቀም የሕግ ባለሙያ መጥራት ይመጣል።

ከፈቃዱ በፊት ግን የባለቤትነት ጥያቄ አለ። ኮዱ በደመወዝ ወይም በፕሮጀክት ገንዘብ የተጻፈ ከሆነ ተቋሙ ድርሻ ይኖረው ይሆናል። አማካሪያችሁንና የምርምር ጽሕፈት ቤቱን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል። ሳይጠይቁ ለቅቆ ኋላ መመለስ ግን ከባድ ነው፤ አንድ ጊዜ የወጣ ኮድ አይሰበሰብም።

ዳታውን ከኮዱ ለዩት። ለእናንተ ምርምር ተብሎ በደብዳቤ የተሰጠ የጣቢያ ዳታ የእናንተ ስላልሆነ ከኮዱ ጋር አይወጣም። የሰው ስም፣ ስልክ ወይም የሕመም ታሪክ ያለበት ሰንጠረዥማ በጭራሽ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እዚህ ላይ ይመለከታችኋል። ኮድ ከመልቀቃችሁ በፊት የይለፍ ቃል በመስመሮቹ መካከል ተረስቶ እንደሆነም እዩ። ይህ በጣም ያጋጥማል።

አምስተኛ፦ ቤት ስጡት

ብዙ ቡድን ኮዱን በቴሌግራም ይለዋወጣል። ለመጀመሪያው ሳምንት ይመቻል። ከወር በኋላ ግን ‹የመጨረሻው›፣ ‹የመጨረሻው 2›፣ ‹የታረመው የመጨረሻው› የሚሉ ሦስት ፋይሎች ይኖራሉ፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቴሌግራም ለዜናና ለቀጠሮ ይሁን፤ ኮዱ ግን በጊት ይያዝ። ጊት ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው፣ ማን ምን መስመር መቼ ለምን እንደቀየረ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። በላዩ የተሠሩ እንደ ጊትሃብና ጊትላብ ያሉ አገልግሎቶች ለክፍት ኮድ በነጻ ይገኛሉ።

ሁለት ነገር አደራ። መለያው በማኅበሩ ስም ይከፈት፤ ሙሉ ሥልጣን ያላቸውም ሁለት ሰዎች ይሁኑ። እኔ በቅርብ የማውቀው አንድ ቡድን የሦስት ዓመት ሥራው በአንድ ሰው የግል መለያ ውስጥ ነበር፤ ሰውየው ለትምህርት ወጥቶ የድሮው ኢሜይሉ ሲዘጋ የማረም ሥልጣን አብሮ ጠፋ። ሌላው የኢንተርኔት ነገር ነው። ጊት ለመሥራት የዘወትር ግንኙነት አይፈልግም፤ ሙሉ ታሪኩ በየሰው ላፕቶፕ ላይ ይቀመጣል። ግንኙነት በተቋረጠ ጊዜ ‹ባንድል› በተባለው ትእዛዝ ማከማቻውን በሙሉ ከነታሪኩ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ በፍላሽ ማሻገር ይቻላል። ከአዲስ አበባ ጅማ በአውቶቡስ የሄደ ፍላሽ በተቀባዩ ዘንድ ልክ ከኢንተርኔት እንደወረደ ሆኖ ይከፈታል። ይህን ትእዛዝ ሁሉም አባል ከመጀመሪያው ቀን ይልመደው።

የስሪት ቁጥር አሰጣጥም ቀላል ነው፤ በነጥብ የተለያዩ ሦስት ቁጥሮች። የስህተት እርማት ብቻ ከሆነ የመጨረሻው ያድጋል፤ አዲስ ነገር ከተጨመረ መካከለኛው፤ የቀድሞ ተጠቃሚን ኮድ የሚያበላሽ ለውጥ ከሆነ የመጀመሪያው። አንባቢ ቁጥሩን አይቶ ብቻ ማደስ ያስፈራል አያስፈራም ብሎ ይወስናል።

ስድስተኛ፦ በሩ ላይ ፈታኝ አቁሙ

ከመጡልን ኮዶች አንዱ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚቀይር ነበር። የጻፉት የተከበሩ መምህር ናቸው፤ ኮዱም ንጹሕ፣ ለማንበብ ደስ የሚል። እንድትፈትን ተራ የደረሳት ተማሪ ሁለት ቀኖች ብቻ ሰጠችው፦ መስከረም 1 ቀን 2016 እና መስከረም 1 ቀን 2017። የመጀመሪያው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ ሁለተኛው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ሊሆን ይገባል። ኮዱ ለሁለቱም ሴፕቴምበር 11 ብሎ መለሰ።

ምክንያቱ 2015 ዘመነ ሉቃስ መሆኑ ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ በቁጥር ስንናገረው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከቀረ ማለት ነው። ኮዱ በየዓመቱ ከሴፕቴምበር 11 ጀምሮ ቀን እየቆጠረ ስለሚሄድ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 እና መስከረም 1 ቀን 2016 በአንድ ቀን ላይ ተደራረቡ፤ የ2016 ዓመትም ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በሙሉ አንድ ቀን ወደ ኋላ ተንሸራተተ። የጣቢያን ዝናብ ከሳተላይት ግምት ጋር በየቀኑ ለሚያነጻጽር ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ጣቢያው ቀድሞውኑ የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ የተጻፈው ዝናብ የትኛው ቀን እንደዘነበ በራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ሌላ አንድ ቀን ሲጨመር ጥሩ የነበረው ዳታ መጥፎ ይመስላል፤ ተመራማሪውም ያለ ጥፋቱ ሳተላይቱን ይወቅሳል።

ከዚያ በኋላ በፍተሻ ዝርዝራችን ላይ ደንብ ጨመርን። እያንዳንዱ ኮድ ቢያንስ ሦስት ፈተናዎች ይዞ ይመጣል፦ አንድ የተለመደ ቀን፣ አንድ ድንበር ላይ ያለ ቀን፣ አንድ ጨርሶ የማይሆን ግብዓት። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የሚባል ቀን ስለሌለ ኮዱ ‹እንዲህ ያለ ቀን የለም› ማለት አለበት፤ ዝም ብሎ አንድ ቀን ፈጥሮ መመለሱ ከሁሉ የከፋ ነው። ክራንም ጥቅል ከመቀበሉ በፊት በራሱ የሚሠራ ፍተሻ ያካሂዳል። ፈተናዎቹን ጊትሃብ ወይም ጊትላብ በየለውጡ ራሱ እንዲያስኬዳቸው ማድረግ ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን በእጅ ማስኬድም ይበቃል።

እውነተኛው ችግር ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ተማሪ የመምህሩን ኮድ እንዴት ያርማል? በእኛ ዘንድ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ‹ትንሽ ተሳስተዋል› ማለት ያሳፍራል፣ ያስፈራልም። እኛን የረዳን ለሁሉም እኩል የሆነ የፍተሻ ዝርዝር ነው። ልጅቱ ለመምህሩ የጻፈችው ይህን ነበር፦ ‹ዶክተር፣ ከዝርዝሩ ሁለተኛው ፈተና አላለፈም። ያስገባሁትንና የወጣውን ከታች አያይዣለሁ፤ ሲመችዎ ይዩልኝ።› ‹ተሳስተዋል› የሚል ቃል የለበትም፤ ስህተቱ ግን ሙሉ በሙሉ ተነግሯል። እርሳቸውም በማግስቱ አርመው፣ አመስግነው፣ በለውጡ መዝገብ ላይ ስሟን ጻፉ። መሥራቾቹ በዕድሜና በማዕረግ የሚበልጠውን ሰው ኮድ መጀመሪያ በሁሉም ፊት ቢያስፈትኑ፣ ታናናሾቹ ይደፍራሉ።

ሰባተኛ፦ ጥያቄና መልስ

ጠያቂው አራት ነገር ይጻፍ፦ ምን ለማድረግ እንደፈለገ፣ ምን እንዳስገባ፣ ምን እንደጠበቀ፣ ምን እንደወጣ። የስህተቱ መልእክት በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ ይላክ፤ ፎቶ ተፈልጎ አይገኝም። ተረኛው በሁለት ቀን ውስጥ ቢያንስ ‹አይቼዋለሁ› ይበል። አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ከመጣ ጥፋቱ የጠያቂው አይደለም፤ መልሱ ወደ ‹አንብቡኝ› ይግባ።

ማብራሪያው በምን ቋንቋ ይሁን የሚለው ክርክር እኛንም ሁለት ስብሰባ ፈጅቶብናል። ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የተለዋዋጭ ስም እንኳ ይቀበላል። እኔ ግን ስሞቹ በእንግሊዝኛ ይቆዩ ባይ ነኝ፤ ኮዱ ከአገር ውጭ ላለ አንባቢም ክፍት ይሆናል፣ ፊደል ለመቀያየር የሚባክን ጊዜም አይኖርም። ‹አንብቡኝ› እና የመማሪያው ጽሑፍ ግን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሁን፤ አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ የሚጽፍ አባል ካለ በደስታ ይጨመር። ጀማሪ አንድን ሐሳብ መጀመሪያ በሚያስብበት ቋንቋ ሲያገኘው ምን ያህል ፍርሃቱ እንደሚለቀው ደጋግሜ አይቻለሁ።

ስምንተኛ፦ በአካል ተገናኙ

በወር አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሰዓት፣ በአንድ የኮምፒውተር ክፍል። ንግግር አታብዙ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት አንድ አባል ኮዱን ከባዶ እየጻፈ ያሳይ፤ ቀሪው ሁሉም በየራሱ ዳታ ላይ የሚሞክርበት ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ሶፍትዌር ካርፔንትሪ ለተመራማሪዎች በሚሰጠው ሥልጠና ላይ የሚጠቀምበትን ዘዴ ወስደን በጣም ጠቅሞናል፦ ለያንዳንዱ ተሳታፊ ሁለት ቀለም ተለጣፊ ወረቀት ይሰጠዋል፤ የጨረሰ አንዱን፣ የተቸገረ ሌላውን ላፕቶፑ ጀርባ ላይ ይለጥፋል። እጅ ማውጣት የሚያፍር ተማሪ ወረቀት መለጠፍ አያፍርም፤ ረዳቱም ቀለሙን አይቶ ቀስ ብሎ ይመጣል።

መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ኢንተርኔትም። የሚያስፈልጉትን ጥቅሎች ሁሉ ቀድማችሁ በአራት አምስት ፍላሽ ላይ አዘጋጁ። ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በዚህ ስብሰባ ባይገኙም ኮድ በመፈተን ሊያግዙ ይችላሉ፤ ‹ምን ልርዳ?› ለሚል ሰው ‹ይህን አንድ ኮድ በባዶ ላፕቶፕ ላይ አስኪድልን› ማለት ከገንዘብ መዋጮ ይበልጣል።

ዘጠነኛ፦ ስም ለባለስም

ተመራማሪ የሚመዘነው በሚያሳትመው ጽሑፍ ነው። ኮድ ለማጋራት ሦስት ቀን ያጠፋ ሰው በማዕረግ ዕድገቱ ላይ የሚያሳየው ነገር ከሌለው በሁለተኛው ጊዜ አይመጣም። ስለዚህ እያንዳንዱ ስሪት በዜኖዶ ላይ ይመዝገብ። ዜኖዶ በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት በሰርን የሚተዳደር፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያለ ነጻ ማኅደር ነው፤ ለኮዱ ዲኦአይ የተባለውን ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ከጊትሃብ ጋር ስለሚገናኝ አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር ቅጂው በራሱ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ኮዱ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ሊጠቀስ ይችላል። በ‹አንብቡኝ› ላይ ‹ከተጠቀማችሁበት እንዲህ ብላችሁ ጥቀሱት› የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ፈተና የጻፈ፣ ስህተት ያገኘ፣ ማብራሪያ የተረጎመ ሁሉ ስሙ ይግባ፤ ኮድ የጻፈው ብቻ አይደለም የሠራው።

ስለ ገንዘብ የምለው ጥቂት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከሻይና ከፍላሽ በቀር ወጪ የለም። የፕሮጀክት ገንዘብ ከመጣ ለሥልጠና ወይም ለመጓጓዣ ይዋል እንጂ ጠባቂው ደመወዙን ከእርሱ አይጠብቅ፤ ፕሮጀክት በሁለት በሦስት ዓመት ያልቃልና።

አሥረኛ፦ ርክክብ

ክራን አንድ ጠንካራ ደንብ አለው፦ እያንዳንዱ ጥቅል በስም የሚታወቅ አንድ ጠባቂና የሚሠራ የኢሜይል አድራሻ ሊኖረው ይገባል። ጥቅሉ ችግር ሲገኝበት ጠባቂው ካላረመ፣ ወይም ኢሜይሉ መልስ ካጣ፣ ጥቅሉ ከዋናው ጎተራ ወጥቶ ወደ ማኅደር ይገባል። ኮዱ አይጠፋም፤ ግን ‹ይህን የሚጠብቅ ሰው የለም› ተብሎ በግልጽ ይታወቃል። ይህን ደንብ እንዳለ ውሰዱት። ባለቤት አልባ ኮድ ጤነኛ መስሎ ጎተራው ውስጥ ሲቀመጥ የሚያምነውን ሰው ይጎዳል።

በተማሪዎች ላይ የቆመ ማኅበር በየሁለት ዓመቱ ግማሽ አባሉን በምረቃ ያጣል። ስለዚህ ለያንዳንዱ ኮድ ሁለተኛ ጠባቂ ከወዲሁ ይሰየም። ስሙ ወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። እኛ የጳጉሜንን ቀናት ለዚህ እናውላለን፤ በእነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት ዋናው ጠባቂ ምንም አይነካም፣ ስልክም አይመልስም። ሁለተኛው በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ መለያውን ይከፍታል፣ አንድ ትንሽ እርማት ያስገባል፣ ፈተናዎቹን ያስኬዳል፣ አዲስ ስሪት ያወጣል፣ ዜኖዶ ላይ መመዝገቡን ያያል፣ ለአንድ ጥያቄም መልስ ይሰጣል። የተሰናከለበትን እያንዳንዱን ቦታ ‹ለተረካቢ› በተባለው ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ዋናው ጠባቂም መስከረም 2 ሲመለስ የመጀመሪያ ሥራው ያንን ፋይል ከፍቶ የጎደለውን መሙላት ነው።